የአረንጓዴው ተርታ

በወይራ ውሃ ከተማ መግቢያ፣ ድሮ የቢራ ማስታወቂያ ይሰቀልበት በነበረው ብረት ላይ፣ አሁን አንድ ቁጥር ብቻ ይበራል። በዚያ ሳምንት ሁለት ነጥብ አንድ ይል ነበር። አላፊ መንገደኛ የአየሩ ቅዝቃዜ ይመስለውና ጋቢውን ይደርባል። የከተማው ሰው ግን ያውቀዋል። የወይራ ውሃ ሴቶች ምጥ ላይ ሆነው «ሕመምሽ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ሲባሉ የሚመልሱት አማካይ ነው፤ ከአገሩ ሁሉ ዝቅተኛው። ለዚህ ጽናቷ ከተማዋ ሁለት ዋንጫ፣ አንድ ፏፏቴና የመናኸሪያ ጣሪያ ተሸልማለች። ፏፏቴው ውሃ የለውም፤ ጣሪያው ግን ጥሩ ነው።

የስመኝ የባትሪ ማደሻ ሱቅ ከብረቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ቁጥሩን አይታ አይታ ማየት ትታ ነበር። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ግን፣ የሽርት ውሃዋ ፈስሶ በባጃጅ ወደ ማዋለጃው ስትወሰድ፣ ዓይኗ ሄዶ እሱው ላይ ተተከለ።

«ምን ታያለሽ?» አሏት አማቷ ወይዘሮ እማዋይሽ።

«ምንም፣ እማ።»

«አትፍሪው። አንቺ ታወርጅዋለሽ እንጂ እሱ ምን ያደርግሻል።»

እማዋይሽ እንዲህ ለማለት መብት አላቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን የዝናን ሲወልዱ «ዜሮ» ብለዋል። በወይራ ውሃ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ዜሮ ያለ የለም። ፎቶግራፋቸው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰቅሏል። ገበያ ሲወጡ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር «እማዋይሽ ዜሮ መጡ!» ብላ ምራቂ ትጨምርላቸዋለች። ራሳቸው ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ነጠላቸውን ያስተካክሉና «ሆድ ይፍጀው» ብለው ያልፉታል፤ ሰውም ይኼን ትሕትና ነው ይላል።

ያቺው የዝና አሁን ባጃጁ ጥግ ላይ፣ አገልግሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አገልግሉ የሚያርፍበት ጭን ግን ብዙም አልቀረላትም፤ እሷም ወሯ ገብቷል። ስመኝ ወንድሟን ካገባች ወዲህ ሁለቱ እንደ እህት ሆነዋል። ሆዳቸውም እኩል ገፍቶ፣ ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው እግራቸውን ሞቅ ባለ ውሃ ሲነክሩ ከርመዋል።

«ካመመሽ እጄን ጨብጭው» አለቻት የዝና በሹክሹክታ።

«አይዞሽ፣ አያማትም» አሉ እማዋይሽ።

ማዋለጃው በር ላይ የሰፈር ሴቶች ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል። «ማርያም ትቅረብሽ! በሽልም ታውጣሽ!» እያሉ ተነሡ። የስመኝ ባል ደሳለው ከሥራው በብስክሌት ሲበር መጥቶ ላቡን እየጠረገ ቆሟል። አብሮ መግባት የሚፈቀደው አንድ እማኝ ብቻ ነው፤ እማኝነቱንም በዚህ ከተማ ወንድ ጠይቆት አያውቅም። አንዷ ሴት «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ቁጭ በል» አለችውና ሳቁ። ስመኝም ሳቀች፤ ሳቋን ቁርጠቱ መሃል ላይ በጠሰው። ሴቶቹ ፊቷን እንጂ ሆዷን አላዩም። የሚጠብቁት ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ የምትወልደዋ ሴት መልስ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ማነጻጸሩ ከስመኝ ዕድሜ ይበልጣል። ቢጫው ከረጢትና አረንጓዴው ከረጢት፣ በመጽሐፍ ስማቸው ቡፒቫኬይንና ሮፒቫኬይን፣ በጀርባ በኩል እየገቡ የምጥን ሕመም የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች ናቸው። የትኛው በትንሹ ብዙ እንደሚሠራ እስኪታወቅ አገሩ በዕጣ ይወልዳል። ደንቡን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በአረንጓዴው ተርታ ያለች ሴት ዝቅ ያለ ቁጥር ከተናገረች መድኃኒቱ በቅቷታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀጥላ ለምትመጣው አረንጓዴ አንድ ደረጃ ይቀጥናል። ከፍ ያለ ከተናገረች አንድ ደረጃ ይወፍራል። ቢጫውም በራሱ ተርታ እንዲሁ ነው። ለራሷ የተሰቀለላት ግን፣ ምንም ብትል፣ አይነካም፤ ማነጻጸሩ ይበላሻላ። በየመስከረሙ ውጤቱ በዜና ይነበባል፣ በየመስከረሙም ያው ነው። በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም፤ ማነጻጸሩ ይቀጥላል። ወንዶቹ ፀጉር ቤት ተቀምጠው «ቢጫው እግር ያስራል»፣ «አረንጓዴው ቶሎ ይለቃል» እያሉ ይከራከራሉ። ከተከራካሪዎቹ አንዱም ምጥ አያውቅም።

ቁጥሩን የሚናገረው ደግሞ ሴትየዋ ራሷ ብቻ ናት። ሕጉ፣ ስለ ሴት ሕመም ከሴቲቱ በቀር ማንም አይመሰክርም ይላል፤ ሐኪምም መሣሪያም። ጥሩ ሕግ ነው። ድሮ ሐኪሙ «ይኼማ አያምም» ብሎ ፊቱን የሚያዞርበት ጊዜ ነበርና ብዙ ሰው ታግሎ ያመጣው ነው። ከዚያ ወዲህ የሴት ቃል እንደ ወረደ ይወሰዳል።

ለስመኝ አረንጓዴ ወጣላት። መርፌው ከጀርባዋ ገባ፣ ቀጭኑ ቱቦ ተለጠፈ፣ ከረጢቱ ተሰቀለ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ድምፅ፣ ሰው ሁሉ ጠያቂው የሚለው፣ ለስለስ ብሎ መጣ። ድሮ የታመመ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይመጣ ነበር። ይኼኛው ምንም አይዝም፤ ቁጥር ተቀብሎ ይሄዳል።

«ወይዘሮ ስመኝ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ይህን ስትል ወገቧ ለሁለት እየተከፈለ ነበር። አስባ አልነበረም የተናገረችው። ሰው እንዴት ነህ ሲባል ሌላ ምን ይላል?

«እሰይ» አሉ እማዋይሽ ከወንበራቸው።

ይኼኛው ጥያቄ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ምጡ ሲፋፋም የሚመጣው ዋናው ጥያቄ ነው። እስከዚያ ድረስ ስመኝ መቀመጥም መተኛትም አቃታት። አልጋው ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ሴቶቹን ታያለች፣ ትመለሳለች። መጋረጃውን ትስበዋለች፣ መልሳ ትገልጠዋለች። እየደነዘዘ ይሆን? እያለች ጭኗን ትቆነጥጣለች፤ ቁንጥጫው ያማል። ምናልባት ማደንዘዝ የሚሉት ይኼን ይሆናል፣ ያለ እሱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው አለች ለራሷ። የባሰ አታምጣ ብላ አማተበች።

በሩ ተንኳኳና የተርታ ቅቤዋ መጣላት። ይህ ደንብ አይደለም፣ ሴቶቹ ራሳቸው ያመጡት ልማድ ነው። በተርታው ቀድማ የወለደችው ተከትላት ለመጣችው ለአናቷ የሚሆን ለጋ ቅቤ ትልካለች። የላከችው አገሬ የምትባል አስተማሪ ናት፤ ትናንት ወልዳ በኮሪደሩ መጨረሻ ተኝታለች። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሏል። ከላዩ «በርቺ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል።

«አገሬ ሁለት ብላለች» አሉ እማዋይሽ ቅቤውን በመዳፋቸው እያሟሹ አናቷ ላይ ሲያደርጉላት። «ጎበዝ ልጅ ናት። አንቺ አንድ ብትይ ቤታችን ይበቃዋል። እንደኔ በይ አላልኩሽም።»

እጃቸው ለስላሳ ነበር። ስመኝ ይህችን ሴት ትወዳቸዋለች፤ ጭንቁም እዚያ ላይ ነው። እናቷ በልጅነቷ ነው የሞተችባት። ይኼው ከሠርጓ ወዲህ ራሷን የሚቀባ እጅ የእሳቸው ብቻ ነው።

እማዋይሽ ለየዝና ምሳዋን ሊሰጧት ወደ ግቢው እንደወጡ ሲስተር ትርንጎ ገባች። በዕድሜ የገፋች አዋላጅ ናት፤ ወደ ወይራ ውሃ ከተዛወረች ገና አንድ ክረምት ነው። ደንዝዞ እንደሆነ ልታይ የስመኝን እግር በቀዝቃዛ ጥጥ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይቀዘቅዝሻል?»

«ይቀዘቅዘኛል።»

«ቀኙም?»

«እሱም።»

ትርንጎ ከረጢቱን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ከአዳማ ነው የመጣሁት» አለች። «እዚያ ሴቱ ስትጠየቅ ጣሪያ ታነሣለች። 'አስር! አስራ አምስት! ገደላችሁኝ!' ትላለች። ባሏን ትረግማለች፣ እኔን ትረግማለች። ቁጥሯን ከሰጠች በኋላ ግን ምን ታደርጋለች መሰለሽ? ትተኛለች። ታንኮራፋለች። ምጥ ላይ ሆና የምታንኮራፋ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«እኔም እዚህ ከመጣሁ አላየሁም። በቢጫውም በአረንጓዴውም።»

«ምን ማለትዎ ነው፣ ሲስተር?»

«ከረጢቱ ውስጥ ስንት እንዳለ ለእኔም አይነገረኝም። እኔ የማየው ሴቱን ነው።» ተነሣች። «አሁን ብሄድ ይሻላል፣ አማትሽ እየመጡ ነው።»

አማቷ ግን አልመጡም ነበር፤ የመጣው ሌላ ቁርጠት ነው። ስመኝ የአልጋውን ብረት ጨብጣ አሳለፈችው፤ ሲያልፍም ሐሳቡ መጣ። ወጥ ነው የታወሳት። እንግዳ ሲበዛ ድስቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠብ ይደረጋል። እንግዳው ቀምሶ፣ ይሉኝታ ይዞት፣ «ይጣፍጣል፣ እጅሽ ይባረክ» ይላል። ይጣፍጣል ከተባለማ ለሚቀጥለው እንግዳ ሌላ ብርጭቆ። የእሷ ከተማ ይኼን ሲያደርግ ስንት ዓመቱ ነው? እማዋይሽ ዜሮ ካሉ ወዲህ ስንት ሴት «ይመስገን» ብላ አልፋለች? ቢጫውና አረንጓዴው ልዩነት አልተገኘባቸውም ይባላል። ውሃና ውሃ ምን ልዩነት ይኖረዋል!

መቆም አልቻለችም። ቱቦዋን ከነመስቀያው እየገፋች ወደ ኮሪደሩ ወጣች፣ ወደ መጨረሻው ክፍልም ሄደች። ጠያቂው ከጣሪያው ተከተላት።

«ወይዘሮ ስመኝ፣ ያለ ድጋፍ መራመድዎን አይተናል። አረንጓዴው እግር እንደማያስር ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።»

አገሬ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች። ስመኝን ስታይ ቀና ልትል ሞከረች።

«ቅቤው ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አገሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝም?»

«ምን?»

«እውነት ሁለት ነበር?»

የአገሬ ዓይን ወደ ወንበሩ ሄደ። እዚያ ላይ የተጣለው ነጠላዋ ጥለቱ በጥርስ ተበልቶ ተንጨባሯል።

«ከእኔ በፊት የነበረችው ሦስት አለች» አለች በመጨረሻ። «እናቴ እማኝ ነበረች። አክስቶቼ በር ላይ ነበሩ። ምን ልበል? አስር ልበል?» ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገቻት። «የሚቀጥለዋ ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር እኮ። ቅቤ ልኬልሻለሁ።»

ስመኝ ልትናደድባት ፈለገች፣ አልሆነላትም። እሷም ቅድም «ደህና፣ ይመስገን» ብላለች። እዚያው በሩን ተደግፋ አንድ ቁርጠት አሳለፈች፤ አገሬ ከአልጋዋ ሆና እጇን ዘርግታ ያዘችላት። ሁለቱም ድምፅ አላሰሙም።

ስትመለስ ክፍሏ በር ላይ ግርግር ነበር። እማዋይሽ ፊታቸው በርቷል።

«የምሥራች! የዝናም ፈሰሳት! አገልግሉን እንዳነሣች እዚያው! ሁለት ልጆቼ ባንድ ቀን!»

«የዝና? የት ናት?»

«አጠገብሽ ያለው ክፍል አስገቧት። ዕጣዋም ወጣ፣ አረንጓዴ ናት። ካንቺ ቀጥላ እሷ ናት! ከረጢቷ እንዲዘጋጅ ያንቺን ቃል ነው የሚጠብቁት።» እልል ለማለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ማዋለጃ መሆኑን አስታውሰው ተዉት። «አንድ በይና ለእሷም መንገዱን አሳያት።»

ስመኝ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ደግሞ ተነሣች።

«እማ፣ በሩን ይዝጉት። ይኼ የሰቀሉብኝ ነገር ውሃ ነው።»

«ምን?»

«ውሃ ነው። ምንም አልደነዘዝኩም። አገሬም አልደነዘዘችም፣ ከእሷ በፊት ያሉትም እንደዚሁ። ሁላችንም ዝቅ እያልን አቅጥነነው አለቀ። እኔ አንድ ካልኩ ለየዝና የሚሰቅሉላት ከዚህም የቀጠነ ነው።»

የእማዋይሽ ፊት ተለወጠ። «ማን ነው ይኼን የነገረሽ? ያቺ የአዳማዋ ናት?»

«ማንም አልነገረኝም፣ ወገቤ ነው የነገረኝ። እማ፣ ያን ቀን፣ የዝናን ሲወልዱ፣ አላመመዎትም?»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!» አሉ እማዋይሽ። ጮክ ብለው አልነበረም፤ ከመጮህ የከፋ ነበር። «እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን? ሴት ስትወልድ ትችላለች። እናቴ ችላለች፣ አያቴ ችላለች። አንቺ በባልሽ ቤት አስር ልትይ ነው? ውጭ ያሉት ምን ይሉናል? ደሳለው በየት በኩል ያልፋል?»

«አላመመዎትም ወይ ነው ያልኩት።»

አማቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ምጡ ተፋፋመ። ስመኝ ተንበረከከች፣ ተነሣች፣ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። ግድግዳው ከወዲያ በኩል ቀስ ብሎ ተመታ። የዝና ናት። ካመመሽ እጄን ጨብጭው ያለችው የዝና፣ እጇ ባይደርስ በግድግዳ መጣች። ስመኝ ያኔ አለቀሰች፤ ለሕመሙ ያላወጣችው እንባ ወረደ።

«ወይዘሮ ስመኝ» አለ ጠያቂው። «ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው? እባክዎ እማኝ አይናገር።»

እማዋይሽ ጠጋ ብለው እጇን ያዙ። አልተናገሩም። የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ብቻ አነሡ፤ አንድ።

ስመኝ አስር የሚለው ቁጥር ለሕመም ሲነገር ከከተማዋ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም፣ ከራሷም ከሌላም። በወይራ ውሃ አስር የፈጣሪ ነው። ሰው ራሱ አስር ካለ ከዚያ ወዲያ ምን ሊያመጣበት ነው? እንኳን በምጥ፣ ቤት ቢቃጠል «ተመስገን፣ ሰው ተርፏል» የሚባልበት አገር ነው። የራሷን ሕመም እንኳ ችላ ትጨርሰው ነበር፤ ምን ቀራት፣ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ግድግዳው ግን እንደገና ቀስ ብሎ ተመታ።

ያበጠው ይፈንዳ አለች በልቧ።

«አስር!»

ድምጿ ለራሷም አስደነገጣት። እማዋይሽ እጇን ለቀቁ።

«አስር። እናመሰግናለን» አለ ጠያቂው በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ለሚቀጥሉት እናት አንድ ደረጃ ይጨመራል።»

ከግቢው የሚመጣው የሴቶቹ ጨዋታ ቀጥ አለ። ሰሌዳዋን አይተዋል ማለት ነው። ስመኝ ያኔ ሌላ ሥራ ነበረባት፤ ልጇ እየመጣች ነበርና አፏ ከተከፈተ አይቀር ጮኸች። ባሏን ጠራች፣ የሞተች እናቷን ጠራች፣ ማርያምን ጠራች። ሴት ልጅ ተወለደች። የውጭው እልልታ ዘግይቶ መጣ፣ ሲመጣም ስስ ነበር። እማዋይሽ ሕፃኗን ተቀበሉ፣ ግንባሯን ሳሙ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት ስመኝን፣ ዓይኗን ሳያዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ የዝና ክፍል ሄዱ።

«አንድ ደረጃ ምን ያህል ነው?» ብላ ስመኝ ሲስተር ትርንጎን ጠየቀቻት።

ትርንጎ ሕፃኗን ጠቅልላ ጨረሰች። «እንስራ ሙሉ ውሃ ላይ አንድ ቁንጥር ጨው በይው። ብዙ ሴት በተከታታይ እውነት ከተናገረች ይመለሳል። አንዷ ስታወርደው ግን ያው አንድ ደረጃ ይወርዳል።»

የየዝና ምጥ ሌሊቱን ሙሉ ወሰደ። ስመኝ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ስትሰማ አደረች። ጩኸት አልነበረም፤ እግር ብቻ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። አንዳንዴ እግሩ ይቆምና ልብስ በጥርስ የመወጠር ድምፅ ይመስላታል፤ ምናልባት ጆሮዋ ነው። ስመኝ ግድግዳውን ትመታለች፣ ከወዲያ ይመለስላታል። ወደ ንጋት ላይ መመለሱን ተወ። በመካከሉ የእማዋይሽ ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ «በርቺ» ይሉ ነበር። ቆይተው «አይዞሽ» አሉ። ፀሐይ ስትወጣ ምንም አይሉም ነበር፤ ሲመላለስ የምትሰማው እግር የሁለት ሰው ሆኗል።

ረፋዱ ላይ፣ ሴቶቹ ከቤታቸው አድረው ከጥላው ሥር ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ጠያቂው ከግድግዳው ወዲያ ሲናገር ሰማችው።

«ወይዘሮ የዝና፣ ይህ ዋናው ጥያቄ ነው።»

ስመኝ ተነሥታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አደረገች።

«አስር በይ!» የእማዋይሽ ድምፅ ነበር፤ ስመኝ እስክትለየው ድረስ ጊዜ ወሰደባት። «የዝናዬ፣ አስር በይ! እኔ ነኝ ያልኩሽ!»

«እባክዎ እማኝ አይናገር» አለ ጠያቂው። «ወይዘሮ የዝና፣ ስንት ነው?»

የዝና ከተወለደች ጀምሮ የዜሮዋ ልጅ እየተባለች ነው ያደገችው። ጉልበቷ ተልጦ ስትመጣ «የእማዋይሽ ልጅ አታለቅስም»፣ ጥርሷ ሲነቀል «የእማዋይሽ ልጅ አታለቅስም» ተብላለች። አሁን እናቷ አስር በይ ሲሏት፣ እናቷ ተሸንፈው እንደሆነ ነው የገባት። እናቷን ልታኮራ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ድምፅዋን አስተካከለች።

«ሁለት» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሁለት። እናመሰግናለን። ለሚቀጥሉት እናት አንድ ደረጃ ይቀነሳል።»

በግቢው እልልታው ፈነዳ። ትናንት የሳሳው ሁሉ ዛሬ ተጨምሮበት መጣ። ስመኝ ልጇን አቅፋ ወደ መስኮቱ ሮጠች ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ሰሌዳዋን እያሳዩ ይተቃቀፋሉ። ቤቱ ከመዋረድ ተርፏልና ደሳለውም ፈገግ ብሏል።

የማዋለጃው በር ተከፈተና እማዋይሽ ወደ ግቢው ወጡ። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል፤ ስመኝ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አለች አንዷ ጉንጫቸውን ልትስም እየሮጠች። «ሁለት! የእናቷ ልጅ! እንዴት ነዎት፣ እማማ እማዋይሽ?»

እማዋይሽ አፋቸውን ከፈቱ። ስመኝ የሚሉትን ቃል ከመስኮቱ ሆና ቀድማ በሆዷ አለችው። እሳቸው ግን አላሉትም።

«አሞኛል» አሉ።

ሴትየዋ እንደቆመች ቀረች።

«ልጄ እየሞተች ነው ሁለት ያለችው። እኔም ያን ቀን አስር ነበርኩ። ዜሮ ያልኩት እናታችሁ፣ አክስታችሁ፣ ሁሉም በር ላይ ስለነበሩ ነው። አስር ነበርኩ።» እልልታው አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ። «ያቀጠንኩት እኔ ነኝ። ያንን ውሃ ለልጄ አስቀምጬላት ነው የቆየሁት።»

መስኮቶቹ ክፍት ነበሩ። ከስመኝ ግድግዳ ወዲያ አንድ ነገር ወደቀ፣ ከዚያ የዝና ጮኸች። ስመኝ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሰምታ አታውቅም፤ ሃያ ምናምን ዓመት የተጠራቀመ ነበር።

«አስር! እማዬ! አስር ነው! አስር!»

«እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ የዝና» አለ ጠያቂው። «መልስዎ ቀደም ብሎ ተመዝግቧል።»

እማዋይሽ ዞረው ወደ ውስጥ ሮጡ። ከግቢው ማንም አልተንቀሳቀሰም። የውጭው በር ላይ አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት፣ ከእናቷ ጋር ከባጃጅ ወርዳ፣ አንድ እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ ቆማለች። የበሩ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፣ እንዴት ነዎት?» ይላታል። እሷ አልመለሰችለትም፤ አንገቷን ወደ የዝና መስኮት ሰግጋ ታዳምጣለች።